ሕመሙ የኒያችን መለኪያ አይደለም



ቅዳሜ ቅዳሜ ሱብሒን ሰግደን ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ የምንወርደውን ልጆች አብዛኞቻችሁ ታውቁናላችሁ። ቁልቁለቱን በሒልተን በኩል ይዘን፣ አፍሪካ አዳራሽን አልፈን፣ የጠዋቱ ብርድ ሳይለቅ አደባባዩ ላይ እንደርሳለን። በዚያ ሰዓት የከተማው ሰው ግማሹ ደረጃው ላይ ያለ ይመስላል። የክለብ ቱታ የለበሰ ሯጭ፣ ቴኳንዶ የሚሠሩ ልጆች፣ ሐኪም "ስኳርዎ እንዲወርድ ይንቀሳቀሱ" ያላቸው እናት፣ ከሥራ በፊት ላብ ሊያወጣ የመጣ የቢሮ ሠራተኛ፤ ሁሉም እየተላለፉ ደረጃውን ከዳር እስከ ዳር ይሮጡታል። ለኛ ቦታው ሌላም ትዝታ አለው። በዒድ ጠዋት ስታዲየሙን ሞልቶ የሚፈሰው ሶፍ እስከዚህ ድረስ ይደርሳል።

ስለ ቅዳሜው ፕሮግራም በዚህች ዜና መጽሔት ላይ ከዚህ በፊት ጠርተናችኋል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ሰኞ ነው።

ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃ የሠራ ሰው ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል። ከተደራራቢው አልጋ ለመውረድ የጓደኛውን ትከሻ ይፈልጋል። የዶርሙን ደረጃ በጎኑ ይወርዳል። ከሱጁድ ሲነሳ ጭኑ ይንቀጠቀጣል፤ ለተሸሁድ ሲቀመጥ ፊቱን ያጨማድዳል። ሰውነቱ ተሳስሯል። ያን ጊዜ ሁለት ድምፅ ይሰማዋል። አንዱ "ስፖርት ለኔ አልተፈጠረም፣ ይቅርብኝ" ይለዋል። ሌላው "እሾህን በእሾህ ነው፣ በላዩ ላይ ሥራበት" ይለዋል። ሁለቱም ድምፆች ከመካከላችን ሰው አስቀርተውብናል። የመጀመሪያው በየሴሚስተሩ ብዙዎችን ከሁለተኛው ቅዳሜ በፊት ወደ አልጋቸው ይመልሳል። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ወንድማችንን ሆስፒታል አስተኝቶብናል።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። የተሳሰረ ጡንቻ የጥረታችን ማስረጃ አይደለም፤ ለማቆምም ምክንያት አይሆንም። ሰውነታችን የሚሰጠን መረጃ ነው። መረጃውን አንብቦ "ዛሬ አርፋለሁ" ወይም "ዛሬ በቀስታ እሠራለሁ" ማለት የእያንዳንዳችን ኃላፊነት ነው። ያን የሚለውን ሰው ሳያሳፍሩ መቀበል ደግሞ የጀማዓው ኃላፊነት ነው። እኛ ያጎደልነው ይህን ሁለተኛውን ነበር።

የኛ ጥፋት

ባለፈው ዓመት አንድ ፍሬሽማን ወንድማችን ተቀላቀለን። ስሙን አንጠቅስም። ይህን እንድንጽፍ ፈቅዶልናል፤ እንዲያውም "ጻፉት" ብሎ የወተወተን እሱ ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ውድድር ከፈትን፤ ደረጃውን ከታች እስከ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች ማን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል የሚል። እሱ አሸነፈ፤ አጨበጨብንለት። እሑድ ማታ ጉልበቱን ማጠፍ አቃተው። ሰኞ ፆሞ ዋለ። ከዐስር ሶላት በኋላ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብድግ የምንሠራበት ፕሮግራም ነበረን። "ዛሬ ይቅርብኝ" አለ። ከመካከላችን አንዱ "አኺ፣ ቅዳሜ ጀግና፣ ሰኞ በሽተኛ?" አለው። ሁላችንም ሳቅን። ልጁ ተነሥቶ መጣ፤ ሠራም። ካፈጠረ በኋላ ከጓደኛው ያገኘውን ዳይክሎፌናክ ውጦ ተኛ። ማክሰኞ ማታ ሽንቱ የኮካ ኮላ መልክ ይዞ ወጣ።

ሆስፒታል ወሰድነው። እዚያ የተነገረን ነገር እስካሁን ከጆሯችን አልወጣም። ጡንቻ ከመጠን በላይ ሲጎዳ ይፈራርሳል፤ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊት ያን ሊያጣራ ሲታገል ራሱ ይጎዳል። ሰውነት ውኃ ሲያጣ ይብሳል። በዚያ ላይ እንዲህ ያለ የሕመም ማስታገሻ ሲጨመር ለኩላሊት ሌላ ሸክም ነው። ወንድማችን ግሉኮስ ተሰክቶለት ለቀናት ተኛ። አልሐምዱሊላህ፣ ኩላሊቱ ዳነ። የሚድ ፈተናው ግን አመለጠው። እናቱ ከገጠር ድረስ መጡ። "ልጄ ምን ሲሠራ ነው እንዲህ የሆነው?" ብለው ሲጠይቁን እርስ በርስ ተያየን። "ስፖርት" ብለን ለመመለስ አፈርን።

እንዲህ ያለው ጉዳት ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ደረጃ የሠራ ሁሉ ኩላሊቱን ይታመማል ማለታችን አይደለም። እኛን የሚያሳፍረን ግን የበሽታው ብርቅነት ወይም መብዛት አይደለም። ልጁ ሰውነቱ የነገረውን በትክክል ሰምቶ ነበር። "ይቅርብኝ" ብሎ በአፉ ተናግሮም ነበር። ያላዳመጥነው እኛ ነን።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

ብዙዎቻችን "ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው" እንላለን። አሰልጣኞችም ሲሉት ሰምተናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ስንሮጥ በደም ውስጥ ከፍ የሚለው ላክቲክ አሲድ ካቆምን በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። የጡንቻ መተሳሰር ደግሞ የሚጀምረው በማግስቱ ነው። ቴዎዶር ሀው የተባለ አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ገና እ.ኤ.አ. በ1902 ይህ ዘግይቶ የሚመጣ ሕመም ከራሱ ከጡንቻው መጎዳት የሚመጣ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ጥናት ደግሞ ሰዎችን በሜዳና በቁልቁለት አስሩጦ አነጻጸረ። በሜዳ ሲሮጡ ላክቲክ አሲዱ ከፍ አለ፤ በኋላ ግን ጡንቻ አልታመመም። በቁልቁለት ሲሮጡ ላክቲክ አሲዱ ከፍ አላለም፤ ሕመሙ ግን መጣ።

ይህ ለመስቀል አደባባይ ልጆች ትልቅ ትምህርት አለው። ደረጃ ስንወጣ ትንፋሽ ያጥረናል፣ ልባችን ይመታል፣ የደከምነው በመውጣቱ ይመስለናል። ሰኞ የሚያሳስረን ግን መውረዱ ነው። ስንወርድ የጭናችን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነታችንን ክብደት ይይዛል። ቁልቁለት የሚወርድ ሚኒባስ ፍሬኑ እንደሚግለው ነው፤ ሞተሩ አይደክምም፣ ፍሬኑ ነው የሚበላው። ያልለመደ ጡንቻ እንዲህ ሲሠራ በውስጡ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል። ሰውነት ሊጠግነው ሲነሳ ያብጣል፣ ይጠነክራል፣ ሲነኩት ያማል። እኛ ደግሞ አደባባዩ ከመድረሳችን በፊት ከአራት ኪሎ ጀምሮ ቁልቁለት እየሮጥን ነው የምንመጣው! ፍሬኑ ሳይጀመር ግሏል ማለት ነው።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይበረታል። በአምስትና በሰባት ቀን ውስጥ ይለቃል። የምሥራቹ ደግሞ ይህ ነው፤ ጡንቻ ይማራል። አንድ ጊዜ በልኩ ተሠርቶበት ያገገመ ጡንቻ ያንኑ ሥራ ሲደግመው የሚደርስበት ሕመም በጣም ያነሰ ነው፤ ይህም ጥበቃ ለሳምንታት ይቆያል። ትምህርቱ እንዲገባው ግን መጀመሪያ ላይ መገረፍ አያስፈልገውም፤ ትንሽ መጠንም ያስተምረዋል። ስለዚህ "ከሁለተኛው ቅዳሜ በፊት መቅረት" የሚለው ውሳኔ ከሁሉ የከፋው ውሳኔ ነው። ዋጋውን ከፍለን ዕቃውን ሳንወስድ መሄድ ነው።

ታዲያ ልረፍ ወይስ ልሥራ?

ከሆነው በኋላ ያነበብነውን፣ ከሐኪሞችና ከልምድ አሰልጣኞች የሰማነውን ሰብስበን ለራሳችን አራት ጥያቄዎች አዘጋጅተናል። ጫማችንን ከማሰራችን በፊት እንጠይቃቸዋለን።

አንደኛ፣ የት ነው የሚያመው? በሁለቱም እግር፣ በጭኑ ወይም በባቱ ሥጋ ላይ ሰፋ ብሎ የሚሰማ ድንዝዝ ያለ ሕመም ከሆነ የተለመደው መተሳሰር ነው። በአንድ እግር ብቻ፣ በጣት ልንጠቁመው በምንችለው አንድ ቦታ፣ በጉልበት፣ በቁርጭምጭሚት፣ በተረከዝ ጅማት ወይም በቅልጥም አጥንት ላይ ከሆነ ግን መተሳሰር አይደለም። ያ ጉዳት ነው፤ እንቆማለን፣ እንታያለን።

ሁለተኛ፣ መቼ ጀመረ? በማግስቱ ቀስ ብሎ የመጣ ሌላ ነው። እየሮጥን ሳለ "ቀጭ" ብሎ የጀመረ ወይም እንደ ጩቤ የወጋን ሌላ ነው። ሁለተኛውን ማንም በሩጫ ያዳነው የለም።

ሦስተኛ፣ ስንቀሳቀስ ወዴት ይሄዳል? አሥር ደቂቃ በእግር ሄደን ወይም በሶምሶማ ሰውነታችንን አሟሙቀን ሕመሙ ከቀለለ በቀስታ መሥራት ይቻላል። ከባሰ ወይም ካነከስን ወደ ዶርም እንመለሳለን። ለዚህ ቀላል መፈተኛ አለን፤ የዶርሙን ደረጃ ብረቱን ሳንይዝ፣ ፊት ለፊት ወርደናል? ካልወረድን የመስቀል አደባባይን ደረጃ ምን አስመኘን? የተሳሰረ ጡንቻ ጉልበቱም ሚዛኑም ይቀንሳል። እግር በደረጃው ጠርዝ ላይ ሲያርፍ አይታዘዝም፤ ወለምታ የሚመጣው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

አራተኛ፣ ሌላ ምልክት አለ? ሽንት ከጠቆረ፣ እግር ከመጠን በላይ ካበጠ፣ ጡንቻው ከማመም አልፎ መታዘዝ ካቃተው በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል መሄድ ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ ደግሞ ያ የስፖርት ሕመም አይደለም። ታይፎይድ፣ ታይፈስ ወይም ጉንፋን ሊሆን ይችላል፤ "ላብ ያወጣዋል" ብሎ ሩጫ የለም። ከሳምንት በላይ የቆየ ሕመምም ለባለሙያ መታየት አለበት።

አራቱን ጥያቄዎች በሰላም ካለፍን ምርጫው "ሁሉንም ወይም ምንም" አይደለም። ማረፍ ማለት ቀኑን ሙሉ ተኝቶ መዋል ሳይሆን የታመመውን ጡንቻ ከከባዱ ሥራ ማሳረፍ ነው። በእግር መሄድ፣ ሜዳ ላይ ቀስ ያለ ሶምሶማ፣ እጅና ትከሻን መሥራት ይቻላል። እንቅስቃሴው ሕመሙን ለጊዜው ያቀለዋል፤ ጡንቻውን ግን በአንድ ጊዜ አይፈውሰውም። የሚፈውሰው ጊዜ፣ እንቅልፍ፣ ውኃና ምግብ ነው። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስናጠና አምሽተን ለሱብሒ የተነሣን ቀን ሰውነት መጠገኛ ጊዜ አላገኘም፤ ያን ቀን በራሱ ቀላል ቀን ማድረግ ብልህነት ነው።

ስለ ወጌሻም አንድ ቃል። ለስለስ ያለ ማሸት ለተሳሰረ ጡንቻ ደስ ይላል፤ ሕመሙንም ያስታግሳል። በድንገት የተበጠሰ የሚመስል፣ ያበጠ ወይም የበለዘ ቦታን ግን በኃይል ማሸት ጉዳቱን ያብሰዋል። ሰውነት ማፍታታትም ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን ከሩጫ በፊትም ሆነ በኋላ ስለተፍታታን ብቻ በማግስቱ አይሳሰረንም ብለን እንዳንጠብቅ። ማስታገሻ ውጦ ደረጃ መውጣትን ደግሞ ጨርሶ ትተናል። ክኒኑ ሕመሙን ዝም ያሰኘዋል፤ ሕመሙ ሊነግረን የመጣውን ነገር ግን አያስቀረውም።

"ጠንካራው ሙእሚን" ስንል

ወንድማችንን ስናሾፍበት አፋችን ላይ ዲን ነበረ። ጠንካራ ሙእሚን ከደካማው ይልቅ አላህ ዘንድ የተወደደ መሆኑን የሚናገረውን፣ ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቲሸርት ላይ ልናሳትመው ሁሉ አስበን ነበር። የሐዲሱን ቀሪ ክፍል ግን አላስተዋልንም። በሁለቱም ውስጥ መልካም ነገር እንዳለ ይናገራል፤ ቀጥሎም በሚጠቅመን ነገር ላይ እንድንጓጓና የአላህን እገዛ እንድንለምን ያዘናል። ዑለሞችም እዚህ የተጠቀሰው ጥንካሬ በቅድሚያ የኢማንና የቁርጠኝነት ጥንካሬ መሆኑን ያብራራሉ። የደረጃ ብዛት አይደለም። ኩላሊትን የሚጎዳ ውድድር ደግሞ "የሚጠቅመን ነገር" ውስጥ አይገባም።

ይልቅ ሌላ ታሪክ አለ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን ወደ መስጂድ ሲገቡ በሁለት ምሰሶዎች መካከል የተዘረጋ ገመድ አዩ። የማን እንደሆነ ሲጠይቁ ዘይነብ (ረ.ዐ) በሶላት ሲደክማቸው የሚይዙት ገመድ መሆኑ ተነገራቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገመዱ እንዲፈታ አዘዙ፤ ሰው ንቁ በሆነበት ጊዜ እንዲሰግድ፣ ሲደክመው ደግሞ እንዲቀመጥ ነገሩ። ልብ በሉ! ነገሩ ዒባዳ ነው፤ ኒያውም ንጹሕ ነው። ያም ሆኖ ሰውነትን በግድ የሚጎትተው ገመድ ተፈታ። ቀንን ሁሉ ሊፆም፣ ሌሊቱን ሁሉ ሊሰግድ ለፈለገው ለዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ደግሞ ሰውነቱ በሱ ላይ ሐቅ እንዳለው ነገሩት። በዒባዳ እንዲህ ከሆነ በቁጭ ብድግ እንዴት ይሆን? የኛ ገመድ ያ ሳቅ ነበር። ልጁን ከደከመበት ጎትቶ ያስነሣው እሱ ነው።

በሌላ በኩል ግን ገመዱ ተፈታ እንጂ ሶላቱ አልቀረም። ይህ ለሰነፎቻችን ነው፤ እኛም አንዳንዴ ከነሱ ነን። አላህ ዘንድ ከሥራ ሁሉ የተወደደው ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሐዲስ ያስተምረናል። "ሰውነቴ ሐቅ አለው" ብሎ አንድ ወር መጥፋት ለሰውነት ሐቁን መስጠት አይደለም። ሦስት ቀን አርፎ በአራተኛው በግማሽ መጠን የተመለሰ ሰው ከሁሉም ይበልጣል።

አንዳንዶች "ጀግኖቻችን እኮ እየታመሙ ነው የሮጡት" ይሉናል። እውነት ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ በማራቶን ያሸነፈው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ በታመመ የተረከዝ ጅማት ሮጦ ፖል ቴርጋትን ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ልዩነት ቀድሞታል። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ኃይሌ ከሲድኒ በኋላ ጅማቱን በቀዶ ሕክምና መታከም ነበረበት። በ2004 አቴንስም ያው ጅማት አስቸግሮት አምስተኛ ሆኖ ጨርሷል። እነሱ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣ ውድድር፣ ሐኪምና አሰልጣኝ አጠገባቸው ሆኖ፣ ዋጋውን አውቀው ከፈሉ። የኛ ቅዳሜ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ሜዳሊያም የለውም። ደግሞም ሯጮቻችን በልምምድ ሳምንታቸው ከባድ ቀንና ቀላል ቀን ያፈራርቃሉ። በእንጦጦና በሱሉልታ ሜዳና ጫካ ውስጥ ተሰልፈው በቀስታ ሲሮጡ ያየ ሰው ዓለምን ያሸነፉት እነዚህ ናቸው ብሎ ለማመን ይቸገራል። ከጀግና የምንቀዳ ከሆነ የውድድር ቀኑን ብቻ ሳይሆን ማክሰኞውንም እንቅዳ።

ከዚህ በኋላ የምናደርገው

ከዚያ ወዲህ የቅዳሜው ቡድን የተስማማባቸው ነገሮች አሉ፤ ሌሎች የግቢ ቡድኖችም ቢወስዷቸው ደስ ይለናል።

አዲስ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ቅዳሜ ከነባሮቹ ሥራ ሲሶው ብቻ ነው፤ "እችላለሁ" ቢልም አይጨመርለትም። ወደ ላይ ሮጦ ወደ ታች በእግር መራመድ የቡድኑ ደንብ ነው። ከአራት ኪሎ ስንወርድ እንራመዳለን እንጂ አንሮጥም። በሁለት ከባድ ቀናት መካከል ቢያንስ ሁለት ቀን ይኖራል፤ ስለዚህ የሰኞው ቁጭ ብድግ ወደ ረቡዕ ተዛውሯል። ሰኞና ሐሙስ የሚፆሙ እህቶችና ወንድሞች በፆማቸው ቀን ከባድ ሥራ አይሠሩም። በረመዳን ደግሞ ደረጃ የለም፤ ከኢፍጣር በፊት ቀለል ያለ የእግር ጉዞ ይበቃናል።

እህቶቻችን ይህን ከኛ ቀድመው እንደሚያውቁት መናገር አለብን። ጅልባባቸውን ለብሰው ተያይዘው በሚመጡበት ቡድን ውስጥ አንዷ ከደከማት ሌላዋ አብራት ትራመዳለች፤ ማንም ብቻውን አይቀርም። እኛ ያንን ስናይ "ቀርፋፎች" እንል ነበር። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ግን ከኛ ቡድን ግማሹ ቀርቶ ነበር፤ የነሱ ግን ከጀመሩት አንዷም አልቀረችም።

ከሁሉ በላይ የተስማማንበት ስለ አፋችን ነው። "ዛሬ አርፋለሁ" ያለን ሰው "የት ያምሃል?" እንጂ "ፈራህ እንዴ?" አንለውም። ከደረጃው ግርጌ ቁጭ ብሎ ውኃና ጃኬት የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልገናል፤ ያረፈ ሰው እዚያ ይቀመጣል። መጥቶ ስለተቀመጠም መጥቷል ብለን እንቆጥረዋለን። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ሰው የሚቀረው አርፎ ሳይሆን አፍሮ መሆኑን አይተናል። ያረፈ ይመለሳል፤ ያፈረ አይመለስም።

በኅዳር 1994 ዓ.ም. የተጀመረውና በአብዛኛው ከዚሁ አደባባይ የሚነሳው ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ዘንድሮ ብዙ ሆነን ልንገባበት አስበናል፤ ኢንሻአላህ። ያን ቀን ከመካከላችን ስንት ሰው መነሻው ላይ እንደሚገኝ የሚወስነው በእነዚህ ወራት ማን በጣም እንደታመመ አይደለም። በየሰኞው ጠዋት የዶርም ደረጃ ላይ ቆመን ለራሳችንና ለጓደኛችን የምንሰጠው መልስ ነው።

ያ ወንድማችን ተመልሷል። ሐኪሙ ሲፈቅድለት በእግር ጉዞ ጀምሮ፣ ቀስ በቀስ ጨምሮ፣ አሁን ደረጃውን ይወጣል፤ ሲወርድ ይራመዳል። ቅዳሜ ጠዋት አዲስ የመጡትን የሚቀበለው እሱ ነው። ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቃቸው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ዛሬ የዶርማችሁን ደረጃ እንዴት ወረዳችሁት?"

አላህ በጤናችን ይባርክልን፤ ሐቁንም የምንጠብቅ ያድርገን። ቅዳሜ ከሱብሒ በኋላ በር ላይ እንገናኝ፤ የተሳሰራችሁም ኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።